ዛፉ ይቆጠራል፤ ሰፈሩስ? የኢየሩሳሌም ደን፣ የቤት ዕቅድና "ታስኪር"

"ታስኪር" የሚለውን ቃል ቤት ውስጥ እየሰማ ያደገ ሰው ከመካከላችን ብዙ አይመስለኝም። ወላጆቻችን መጀመሪያ የለመዱት ዕብራይስጥ የቢሮ ዕብራይስጥ ነው፤ ማሽካንታ፣ ቲሉሽ፣ አርኖና፣ ቢቱዋኽ ሌኡሚ። ታስኪር እዚያ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ሙሉ ስሙ "ታስኪር ሃሽፓዓ ዓል ሃስቪቫ" ነው፦ አንድ ትልቅ ግንባታ ከመጽደቁ በፊት አፈሩን፣ ውሃውን፣ አየሩን፣ ዛፉንና እንስሳውን ምን እንደሚያደርግ አጥንቶ የሚያስረዳ ሰነድ። ኢትዮጵያ ውስጥ "የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ" ይሉታል፤ አዋጅም ወጥቶለታል፣ ቁጥር 299/1995። (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በኋላ ያሉት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሉን እንድንለምደው የምፈልገው በአንድ ሸንተረር ምክንያት ነው። ከኢየሩሳሌም በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከቂርያት ሜናኼምና ከዒር ጋኒም አጠገብ፣ ሬኼስ ላቫን የሚባል ቦታ አለ፤ ነጩ ሸንተረር ብንለው ያስኬዳል። ቂርያት ሜናኼምን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አክስት ወይም አያት እዚያ የሌለው ቤተሰብ ትንሽ ነው። በሸንተረሩ ላይ ከ5,000 በላይ ቤቶች እንዲሠሩ ዕቅድ ወጣ፣ ተቃውሞ ተነሣ፣ ክርክሩም ዓመታት ፈጀ። በወሬው ውስጥ ነገሩ ብዙ ጊዜ "ቤት ወይስ ዛፍ" ሆኖ ይቀርባል። የእንደዚህ ዓይነት ዕቅዶችን ታሪክ ወደኋላ ሄዶ ላየ ሰው ግን ክርክሩ የሚያልቀው ሁልጊዜ በሌላ ጥያቄ ላይ ነው፦ ቤቱ እዚህ ካልተሠራ የት ይሠራል? የዚህን ጥያቄ መልስ ስናነብ ደግሞ የራሳችንን ሰፈር ስም እናገኛለን።

የትኛው ደን?

ደን ስንል አንድ ነገር አይደለም። በኢየሩሳሌም ኮረብቶች ላይ ቢያንስ ሦስት ነገሮች ተደራርበው ይገኛሉ።

መጀመሪያ የተፈጥሮው ቅሪት አለ። በዕብራይስጥ ሖሬሽ የሚሉት፣ አሎን (ኦክ)፣ ኤላ፣ ሃሩቭ እና ቀይ ግንድ ያለው ክታላቭ የተቀላቀሉበት ጥቅጥቅ ያለ ዝቅተኛ ደን ነው። ይህ ለሺህ ዓመታት ተቆርጧል፣ ፍየል በልቶታል፣ ከሰል ሆኗል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የኦቶማን መንግሥት ለባቡሮቹ ማገዶ ብዙ ዛፍ አስቆርጧል። የተረፈው የተረፈው ገደላማ ስለሆነ፣ አለዚያም ቅዱስ ስለሆነ ነው። በዚህ አገር ትልልቆቹ ያረጁ የአሎን ዛፎች ብዙ ጊዜ የሚገኙት በሼኾች መቃብር አጠገብ ነው፤ ሰዉ ስለሚፈራቸው አይቆርጣቸውም ነበር።

ይህን ነገር ጎንደር ያደገ ሰው ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። በጎንደርና በጎጃም ከሩቅ ስታይ ሜዳው ሁሉ እርሻ ነው፤ መሐል ላይ አንድ ክብ አረንጓዴ ነገር ካየህ ውስጡ ቤተ ክርስቲያን አለ። የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህ ትንንሽ ደኖች በአካባቢው የጠፉ አገር በቀል ዛፎች መጠለያ መሆናቸውን አሳይተዋል። የእኛ ሰዎች የእነዚያ ደኖች ባለቤት አልነበሩም፤ ግን ዛፍ ምን ያህል እንደሚያወጣ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ብረት ቀጥቃጭ ያለ ከሰል አይሠራም፤ ሸክላም ያለ ማገዶ አይተኮስም። ዛፉ ሲርቅ የሚርቀው የሴቶቹ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ንብርብር እርከን ነው። ገበሬዎች በብዙ ትውልድ ድንጋይ ደርድረው ወይራ፣ ወይንና ለውዝ ተክለውበታል። ከ1948 ጦርነት በኋላ በኮረብቶቹ ላይ የነበሩት ብዙ የፍልስጤም መንደሮች ባዶ ቀሩ፤ እርከኖቹም ያለ ባለቤት ቆዩ። ሦስተኛው ንብርብር በዚያ ላይ የተተከለው ጥድ ነው። ኬረን ካየሜት ከ1950ዎቹ ጀምሮ በስፋት ሲተክል ብዙውን ጉልበት ያገኘው ከአዲስ መጤዎች ነው፤ በማዕባራ ውስጥ የነበሩት የሰሜን አፍሪካ፣ የኢራቅና የየመን አይሁድ በቀን ክፍያ ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር። የኢየሩሳሌም ደን የሚባለው የመጀመሪያው ዛፍ በ1956 በፕሬዚዳንት ይጽሓቅ ቤን ጽቪ እጅ ተተከለ። ነሐሴ 2021 የኢየሩሳሌም ኮረብቶች ሲቃጠሉ ጥዱ ሄደና ሥሩ ተደብቀው የነበሩት እርከኖች እንደ መሰላል ተደርድረው ታዩ። ፎቶዎቹን አይታችሁ ይሆናል። እኔ ከማውቃቸው የታሪክ መማሪያዎች ሁሉ የተሻለ ነው፤ አንድ ኮረብታ ላይ ስንት ሰው እንዳለፈ በአንድ ምስል ያሳያል።

እግረ መንገዴን፦ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ ተነሥቶ ኢትዮጵያም እዚህም የገባው በአንድ ዘመን ነው። ምኒልክ ለአዲስ አበባ ማገዶና ማገር ፈለጉት፣ የሐዴራ ሰፋሪዎች ረግረግ ለማድረቅ ፈለጉት። አያቶቻችን እዚህ መጥተው ሲያዩት የድሮ ጓደኛ ያገኙ ያህል የተደሰቱበት አንድ ዛፍ ቢኖር እሱ ነው።

ደኑ የእኛ ጉዳይ አይደለም የሚል ካለ ደግሞ፣ ሲግድ የምናከብርበትን አርሞን ሃናጺቭን ያስታውስ፤ ከመናፈሻው በታች ያለው ቁልቁለት የሰላም ደን ነው። በሱዳን መንገድ ለቀሩት ወገኖቻችን መጀመሪያ የቆመው መታሰቢያም በራማት ራሔል በዛፎች መካከል ነበር። ሬሳቸው የት እንደወደቀ ለማይታወቅ ሰዎች ዛፍ ተተከለላቸው።

ሕጉ ይህን ሁሉ በመስመር ነው የሚያየው። በ1995 የጸደቀው ታማ 22፣ የአገሪቱ የደን ዕቅድ፣ ወደ 1.6 ሚሊዮን ዱናም የሚሆን መሬት ለደን ከለለ፤ የተፈጥሮ ደን፣ ተከላ ደን፣ የመናፈሻ ደን እያለ ከፋፈለው። ጥሩ ሥራ ነው። ግን በካርታ ላይ የተሰመረ መስመር በሌላ ዕቅድ ይገፋል። የኢየሩሳሌም ደን ትልቅ በነበረበት ጊዜ ወደ 4,700 ዱናም ያህል ነበር፤ ዛሬ የቀረው ወደ 1,250 ነው። ይህ በአንድ ቀን አልሆነም፣ "ደኑን እናጥፋ" ያለ ሰውም አልነበረም። አንድ ሰፈር፣ ከዚያ አንድ መንገድ፣ ከዚያ ሌላ ሰፈር። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። የታስኪር ትልቁ ድክመት የሚመስለኝም እዚህ ላይ ነው፤ አንድን ዕቅድ ይለካል እንጂ ከዚያ በፊት የተወሰደውንና ከዚያ በኋላ የሚወሰደውን ደምሮ አያይም።

ወረቀቱ ከየት መጣ?

ሀሳቡ አሜሪካዊ ነው። በጥር 1970 በፕሬዚዳንት ኒክሰን የተፈረመው ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከትልልቅ ሥራዎች በፊት ጥናት እንዲያቀርቡ አስገደደ። እስራኤል በ1973 የአካባቢ ጥበቃ አገልግሎት የሚባል ትንሽ መሥሪያ ቤት አቋቋመች፣ ሚኒስቴሩ በ1988 መጣ። በመካከል በ1982 በ1965ቱ የዕቅድና የግንባታ ሕግ ሥር የታስኪር ደንብ ወጣ፤ በ2003 ደግሞ በአዲስ ተተካ።

ታስኪር አምስት ምዕራፍ አለው። ቦታው ዛሬ ምን ይመስላል? ይህ ቦታ ለምን ተመረጠ፣ ሌላ አማራጭስ ነበረ? ምን ይሠራል? ሲሠራና ከተሠራ በኋላ ምን ጉዳት ይመጣል? ጉዳቱንስ እንዴት መቀነስ ይቻላል? ስለ ዛፍና ስለ ሚዳቋ የሚያወራው ምዕራፍ ነው ሁሉም የሚያነበው። ወሳኙ ግን ሁለተኛው ነው። አማራጭ ካልተነሣ ጥናቱ የሚለው "ጉዳት አለ፣ እንዲህ አድርገን እናለሳልሰዋለን" ብቻ ይሆናል። እንዲህ ተጽፎ የተጠናቀቀ ሰነድ ማንንም አያስቆምም።

ሁለት ነገሮችን ልጨምር። ጥናቱን የሚያሠራውና የሚከፍለው ዕቅዱን ያመጣው አካል ራሱ ነው። መመሪያውን የሚሰጠውና የሚመረምረው የዕቅድ ኮሚቴው ቢሆንም፣ አጥኚው ደመወዙን ከማን እንደሚያገኝ ያውቃል። ይህ ማለት ሁሉም ይዋሻሉ ማለት አይደለም፤ ጥሩ ጥሩ ባለሙያዎች አሉ። ግን "ይህ ዕቅድ ባይኖር ይሻላል" ብሎ የሚደመድም ጥናት በራሱ በባለ ዕቅዱ ገንዘብ ሲጻፍ ማየት ብርቅ ነው። ሁለተኛው፣ ደንቡ ታስኪር የግድ ነው የሚለው ለኃይል ማመንጫ፣ ለአውሮፕላን ማረፊያ፣ ለወደብ ለመሳሰሉት ነው። የመኖሪያ ሰፈር በራሱ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ኮሚቴው ከባድ ጉዳት ይኖራል ብሎ ካሰበ ሊጠይቅ ይችላል። አለዚያ በአጭር የአካባቢ ዓባሪና በዛፍ ቆጠራ ይታለፋል።

በእኛ ስም የተከፈተ አቋራጭ

ደንቡ ገና ስምንት ዓመት ሳይሞላው ትልቅ ፈተና መጣበት። ሶቪየት ኅብረት በሯን ከፈተችና በ1990 ብቻ ወደ 200,000 የሚጠጋ ሰው ወደ እስራኤል ገባ። ቤት የለም። በዚያው ዓመት ጊዜያዊ ሕግ ወጥቶ ቫላል የሚባሉ የመኖሪያ ግንባታ ኮሚቴዎች ተቋቋሙ። በዓመታት የሚያልቀው የዕቅድ ሂደት በወራት እንዲያልቅ፣ የተቃውሞ ጊዜውም እንዲያጥር ተደረገ። በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰለሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ የእኛ ሰዎች ደረሱ። "ለዖሊም ቤት ያስፈልጋል" የሚለው ቃል በየኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ነበር። አስቸኳይነቱ እውነት ነው፤ ማንም ሜዳ ላይ እንዲያድር አይፈለግም።

ታዲያ በዚያ አቋራጭ የተሠራው ቤት ለማን ደረሰ? የእኛ ቤተሰቦች በሆቴልና በካራቫን ነው የተቀመጡት። ሑልዳ፣ ሓጽሮት ያሳፍ፣ ናሓል በቃ፣ ጊቭዓት ሃማቶስ፤ እነዚህ ስሞች ለወላጆቻችን እንደ ሁለተኛ የትውልድ መንደር ናቸው። በ1993 ልዩ ማሽካንታ ሲመጣ ከካራቫን መውጣት ተቻለ፤ ግን በዚያ ገንዘብ የሚገዛው አፓርትማ በአብዛኛው የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ሺኩን ነበር። ቂርያት ሞሼ በረሖቮት፣ ቂርያት ሜናኼም በኢየሩሳሌም። የቀደሙት መጤዎች ልጆቻቸው እየወጡ ወደ አዲሱ ሰፈር ሲሄዱ፣ እኛ በነሱ ቦታ ገባን። በኮረብታው ላይ በችኮላ የተሠራው ሰፈርና በከተማው ውስጥ የተተወው ሺኩን የአንድ ዕቅድ ሁለት ገጽ ናቸው።

አቋራጩም በዚያ አልቀረም። በ2011 የበጋ ወራት ወጣቶች በሮትሺልድ ጎዳና ድንኳን ሲተክሉ ሌላ የማፍጠኛ ሕግ ጸደቀ፤ በ2014 ደግሞ ቫትማል ተፈጠረ፤ ከአገር አቀፍ ዕቅዶች ጋር የሚጋጭን ዕቅድ እንኳ ማጽደቅ የሚችል ኮሚቴ ነው። ልማዱ ግልጽ ነው። የቤት ችግር በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያጥረው የመጠየቂያው ጊዜ ነው።

በጎንደር ርስት ያልነበረው ሰው ይህን ነገር በሌላ ቋንቋ ያውቀዋል። አባቶቻችን በአብዛኛው የሰው መሬት ጭሰኞች ነበሩ፤ መሬቱ ለማን እንደሚሰጥ ሲወሰን እዚያ አልተቀመጡም። እዚህ የቤት ባለቤት ሆነናል፣ በታቡ ተመዝግበናል። የዕቅድ ስብሰባ ላይ መቀመጥን ግን ገና አልለመድነውም።

የሳፍዲ ዕቅድ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኢየሩሳሌምን ወደ ምዕራብ ለማስፋት ትልቅ ዕቅድ ቀረበ። ስሙን ያገኘው ከአርክቴክቱ ከሞሼ ሳፍዲ ነው፤ የያድ ቫሼምን አዲስ ሙዚየም የነደፈው ሰው። 20,000 ያህል ቤቶች፣ በ26,600 ዱናም ላይ፤ ደንና ሖሬሽ፣ እርከንና ምንጭ ያለበት መሬት። ምክንያቱ የሚናቅ አልነበረም፤ ወጣቶች ከኢየሩሳሌም ይወጡ ነበር፣ አፓርትማ ውድ ነበር፣ ከተማዋም እየደኸየች ነበር።

ተቃውሞው መጀመሪያ የጠበቃችሁትን ይመስል ነበር። የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበሩ፣ የእግር ጉዞ ወዳጆች፣ በኮረብቶቹ ዙሪያ የሚኖሩ የሞሻቭ ሰዎች። ሚዳቋው፣ አበባው፣ ምንጩ። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚሸነፉ ይመስለኛል፤ ሚዳቋ ከወጣት ባልና ሚስት ጋር ሲፎካከር አያሸንፍም። ነገሩን የቀየረው ተቃዋሚዎቹ የታስኪሩን ሁለተኛ ምዕራፍ ራሳቸው መጻፋቸው ነው። ከተማዋ ውስጥ ምን ያህል ባዶና በከፊል የተሠራ መሬት እንዳለ፣ በነባር ሰፈሮች ላይ ምን ያህል ቤት መጨመር እንደሚቻል ቆጥረው አመጡ። በቁልቁለት ላይ መንገድ፣ ፍሳሽና ውሃ ማስገባት ስንት እንደሚያወጣ ጠየቁ። ከዚያም ጠንከር ያለውን አነሡ፦ በኮረብታው ላይ አዲስ ሰፈር ከተሠራ አቅም ያለው ሁሉ ወደዚያ ይወጣል፤ መሐል ከተማው አቅም ለሌለው ይተዋል። ይህ የዛፍ ክርክር አይደለም። በ1990ዎቹ በእኛ ላይ የደረሰው ነገር ነው፣ በሌላ አፍ ሲነገር።

ከ15,000 በላይ ሂትናግዱዮት፣ ማለትም መደበኛ የተቃውሞ ማመልከቻዎች፣ ገቡ። በየካቲት 2007 የአገሪቱ ከፍተኛ የዕቅድ ምክር ቤት ዕቅዱን ጣለው። በመንግሥት የተደገፈ፣ ይህን የሚያህል የቤት ዕቅድ ለደን ሲባል ሲወድቅ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ለዚህ ነው ዛሬም የዕቅድ ተማሪዎች የሚማሩት።

ዕቅዱ ወደቀ እንጂ ሀሳቡ አልሞተም። አንድ ትልቅ ቁራጭ የነበረው በትንንሽ ቁራጭ ተመለሰ። በራሞት አጠገብ ሚጽፔ ናፍቶዓሕ አንዱ ነው፤ ሌላው ሬኼስ ላቫን። ቅድም ስለ ኢየሩሳሌም ደን ያልኩትን አስታውሱ። 26,600 ዱናም ሲጠየቅ አገር ይነሣል፤ አንድ ሸንተረር ሲጠየቅ የሚነሣው ጎረቤቱ ነው።

ጎረቤቱ ማን ነው?

በሬኼስ ላቫን ላይ የተነሡት ጥያቄዎች ከባድ ናቸው። ቁልቁለቱ ላይ ያሉት ምንጮች፣ ዔን ላቫንን ጨምሮ፣ የሚኖሩት በሸንተረሩ ላይ ወርዶ በድንጋዩ ውስጥ ቀስ እያለ በሚሰርገው ዝናብ ነው። አናቱ በአስፋልትና በሲሚንቶ ከተሸፈነ ዝናቡ በቦይ ይሄዳል እንጂ አይሰርግም። ሸንተረሩ ለእንስሳትም መተላለፊያ ነው፤ ከተቆረጠ ከግራና ከቀኝ ያለው ደን ሁለት ደሴት ይሆናል። የደሴት እንስሳ በጥቂት ትውልድ ይደክማል፤ የጎንደርና የጎጃም ደኖችን የሚያጠኑ ሰዎችም የሚፈሩት ይህንኑ ነው። በኔ አስተያየት ሸንተረሩ ላይ ባይሠራ ይሻላል።

ግን ይህን ካልኩ በኋላ ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አለብኝ። "በከተማው ውስጥ ይሠራ" ሲባል ከተማው የት ነው? በሬሓቪያ አይደለም። በዚያ አካባቢ የሚነሡት ስሞች ቂርያት ሃዮቬልና ቂርያት ሜናኼም ናቸው፤ የቀላል ባቡሩ መስመር ወደ ሃዳሳ ዔን ኬሬም ሲዘረጋ በዚያ በኩል እንዲያልፍ ስለተደረገ ኮሚቴዎቹም እዚያ ረዥም ሕንፃ መጨመር ይወዳሉ። መሣሪያው ፒኑይ ቢኑይ ነው፦ አሮጌው ሺኩን ይፈርሳል፣ ባለ አፓርትማው በዚያው ቦታ አዲስና ሰፋ ያለ ቤት ያገኛል፣ ኮንትራክተሩ ከላይ የሚጨምራቸውን ፎቆች ይሸጣል። ለአንዳንድ ቤተሰብ ይህ በሕይወቱ ያገኘው ትልቁ ሀብት ሊሆን ይችላል። ማማድ፣ አሳንሰር፣ ፓርኪንግ፤ አራተኛ ፎቅ በደረጃ ለምትወጣ አያት አሳንሰር ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላው ገጽ ደግሞ አለ። ባለ አራት ፎቅ ቤት ባለ ሃያ ሲሆን ቫዓድ ባይቱ፣ ማለትም የሕንፃው ወርኃዊ ክፍያ፣ በብዙ እጥፍ ያድጋል፤ አርኖናውም ይጨምራል። በኪራይ የሚኖር ሰው አዲስ ቤት አይሰጠውም፤ ይወጣል። ሕንፃው ሲሠራ ለዓመታት ሌላ ቦታ መኖር ግድ ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤት እየተጠራራ ቡና የሚጠጣበት፣ ለቅሶ ሲመጣ ድንኳን የሚተከልበት ግቢ ሲፈርስ ሰዉ በየከተማው ይበተናል። ይህን የሚያጠና ማኅበራዊ ታስኪር የሚባል ነገር አለ፤ በአንዳንድ የፒኑይ ቢኑይ ዕቅዶች ላይ ይጠየቃል። ግን የአካባቢው ታስኪር ያለው ክብደት የለውም። በሸንተረሩ ላይ ያለ እያንዳንዱ ትልቅ ዛፍ በቆጠራው ውስጥ ቁጥር አለው፤ ዓይነቱ፣ ቁመቱ፣ ጤንነቱ፣ ዋጋው፣ "ይቆረጣል" ወይም "ይጠበቃል" የሚል ውሳኔው ተጽፎለታል። በሺኩኑ ውስጥ ስንት አማርኛ ብቻ የሚናገር ሽማግሌ እንዳለ፣ ስንቱ ተከራይ እንደሆነ የሚጽፍ ተመሳሳይ ሠንጠረዥ አልተለመደም።

ስለዚህ አረንጓዴዎቹ ልክ ናቸው ስል፣ ክርክራቸውን ግማሽ መንገድ ላይ ያቆሙታል እላለሁ። ደኑን ያዳነው "ሌላ ቦታ አለ" የሚለው መልስ ነው። ያ ሌላ ቦታ ሰው ያለበት ነው። ደኑ የተሰጠውን ጥናት ያህል ያ ሰፈርም ሊሰጠው ይገባል፤ እኛ ደግሞ ይህን ለመጠየቅ ከደኑ በተቃራኒ መቆም የለብንም። "እነሱ ለሚዳቋ ያስባሉ፣ ለእኛ ማን አሰበ" የሚል ምሬት በወጣቶቻችን መካከል እሰማለሁ። ምሬቱ ይገባኛል። ግን ሸንተረሩ ላይ 5,000 ቤት ስለተሠራ የቂርያት ሜናኼም ሺኩን አይታደስም፤ በሳፍዲ ጊዜ እንደተባለው፣ የሚችለው ይወጣል፣ ያልቻለው ይቀራል።

ጎረቤት ሲነሣ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያችው ኢየሩሳሌም፣ ከማልሓ ብዙም ሳይርቅ፣ የሚዳቋ ሸለቆ አለ። ድሮ የኪቡጽ ፍራፍሬ እርሻ ነበር። በ1990ዎቹ ሕንፃ ሊሠራበት ሲታሰብ የዙሪያው ነዋሪዎች ተደራጁ፤ ኮሚቴ ለኮሚቴ እየዞሩ ተከራከሩ፣ እምቢ ከማለት አልፈው የራሳቸውን አማራጭ ዕቅድ አቀረቡ። በመካከሉ ሚዳቋዎቹ በውሻና በመንገድ አልቀው ሦስት ብቻ ቀርተው ነበር። በ2015 ሸለቆው ለሕዝብ በነፃ የተከፈተ የተፈጥሮ መናፈሻ ሆነ፣ ሚዳቋውም ተራብቷል። እነዚያ ነዋሪዎች ጠበቃ፣ አርክቴክትና ዕብራይስጥ ነበራቸው። በቂርያት ሜናኼም ያለው የወላጆቻችን ትውልድ ከሦስቱ አንዱም አልነበረውም፤ የእናንተ ትውልድ ቢያንስ ሦስተኛው አለው፣ ሁለቱም እየተጨመሩ ነው።

አንድ ዕቅድ ለተቃውሞ ሲቀመጥ፣ በመደበኛው መንገድ ከሆነ፣ ሕጉ የሚሰጠው 60 ቀን ነው። ማስታወቂያው በጋዜጣ ይወጣል፣ በቦታውም ሰሌዳ ይለጠፋል፤ በአማርኛ እንዲወጣ ሕጉ አያስገድድም። ሰሌዳው ላይ የዕቅዱ ቁጥር አለ። ያን ቁጥር በዕቅድ አስተዳደሩ ድረ ገጽ ላይ ካስገባችሁ ሰነዶቹ ሁሉ ይከፈታሉ፤ የዕቅዱ ቃል፣ ካርታው፣ የአካባቢው ዓባሪ፣ የዛፍ ቆጠራው። በካርታው ላይ የዕቅዱን ወሰን የሚያሳየው ሰማያዊ መስመር ነው። መጀመሪያ የአያታችሁ ሕንፃ ከመስመሩ ውስጥ ይሁን ውጭ እዩ። ቀጥሎ ዓባሪዎቹን ቁጠሩና ስለ ነዋሪው የሚናገር አንድ እንኳ እንዳለ ፈልጉ። ከሌለ፣ አለመኖሩ ራሱ በሂትናግዱት ውስጥ ሊጻፍ የሚችል ምክንያት ነው፤ የተቃውሞ ማመልከቻውም በጽሑፍ፣ ምክንያቱ ተዘርዝሮ፣ 60ው ቀን ሳያልቅ መግባት አለበት።